ያጉረመረሙትን የሰማች ቤተ ክርስቲያን

«በእኛ ቤት ብሔር የለም። በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን።» አዲስ አበባ ውስጥ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ይህን ከመድረክ ሳይሰማ አይቀርም። የሚናገሩት ሰዎች ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ገላትያ 3፥28 ይነበባል፣ አሜን ይባላል፣ መዝሙሩ ይቀጥላል። እኔም አሜን ብያለሁ፤ ቃሉ እውነት ስለሆነ ዛሬም እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አሜን ሲባል አንገታቸውን የሚደፉትን ሰዎች ልብ ማለት ጀምሬያለሁ። አብረውን ይዘምራሉ፣ አሥራት ያወጣሉ፣ ከፕሮግራም በኋላ ወንበር ያነሳሉ። ያ ንግግር ሲነገር ግን «እንግዲህ የኔን ጉዳይ የማነሳበት በር ተዘጋ» የሚል ነገር ፊታቸው ላይ ይነበባል።

ሀሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ልዩነትን ባለማንሳት አንድነት ሲመጣ አይቼ አላውቅም። አንድነት ሲመጣ ያየሁት «ተረሳን» ያለው ወገን ሲደመጥ ነው። መደመጥ ብቻም አይበቃም፤ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ መድረኩ የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነው። ይህ የፖለቲካ ሀሳብ የሚመስለው ካለ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብብልኝ። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጦርነቱ ዓመታት። ጥቅምት 2013 ላይ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የእኛ የቤት ኅብረት እንደ ወትሮው በየሳምንቱ ይሰበሰብ ነበር። አንዲት እህት ትግራይ ያሉ ወላጆቿን ድምፅ ለመስማት ወራት ጠብቃለች። ስልክም ባንክም ተቋርጦ ነበር። የጸሎት ርዕስ ስትጠየቅ «ለቤተሰቦቼ ጸልዩልኝ» ብቻ ትላለች፤ የት እንዳሉ አትጠራም። ሌላው ወንድም አጎቱ ከወለጋ ከነልጆቹ የተፈናቀለበት አማራ ነው። እሱ ደግሞ «ስለ ሀገር እንጸልይ» ይላል። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሙ ያለ ክስ የታሰረበት ኦሮሞ ነው፤ ጭራሽ ምንም አይልም። ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከአንድ ጀበና ይጠጣሉ። ይዋደዱም ነበር፣ እውነት ነው የምላችሁ። ግን አንዱ የሌላውን ሐዘን አያውቅም። የሚያውቀው የሌላውን ወገን ዜና ነው፣ እሱንም ከፌስቡክ።

የቤቱ እናት አንድ ምሽት ነገሩ አልዋጥ አላቸው። «ዛሬ ስለ ሀገር ማለት የለም» አሉ። «ከተማውን ጥሩ። ሰውየውን በስሙ ጥሩ። እግዚአብሔር ስም ያውቃል፣ እኛም እንወቅ።» በጣም ከባድ ምሽት ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው «የእኛም እኮ...» ብሎ ሊያቋርጥ ይሞክራል፤ እሳቸው «ተራህ ይደርሳል ልጄ፣ አሁን የእሷን ስማ» ይሉታል። ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። ስለ ጦርነቱ መንስኤ አሁንም አንስማማም። ግን ከዚያ በኋላ አጎቱ የተፈናቀለበት ወንድም የእህታችንን እናት ስም እየጠራ ይጸልይ ጀመር፤ መስመሩ ተከፍቶ ድምፃቸውን የሰማች ቀን መጀመሪያ የደወለችለትም እሱ ነው።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በዚያን ጊዜ «ፖለቲካ አንነካም» ብለው አለፉት። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። መሪዎቹ ጉባኤው እንዳይከፈልባቸው ሰግተው ነው። ግን «ስለ ሰላም» ተብሎ በጥቅሉ የተጸለየ ጸሎት ለሟች ቤተሰብ ብዙም አያጽናናም። ማይካድራ፣ አክሱም፣ መተከል፣ ጭና፣ ቶሌ፣ ከረዩ... እነዚህን ሁሉ በአንድ እሁድ፣ በአንድ ጸሎት፣ በአንድ መድረክ መጥራት ይቻል ነበር። አንዱን ብቻ መጥራት ወገንተኝነት ነው። ሁሉንም አለመጥራት ደግሞ ገለልተኝነት ይመስላል እንጂ፣ እቤቱ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንደዚያ አይወስደውም። «የኔ ሰው ሞት እዚህ አይቆጠርም» ብሎ ነው የሚወጣው። ወጥቶም የት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ሐዘኑን ወደሚቆጥርለት ቤት ነው፣ ያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላውን ሐዘን የማይቆጥር ነው።

አሁን ወደ ሐዋርያት ሥራ 6። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ስለ ዲያቆናት አመራረጥ የሚያወራ ምዕራፍ አድርገን ስለምናነበው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ኢየሩሳሌም ያለችው ቤተ ክርስቲያን ገና ወጣት ናት። ሁሉም አይሁድ ናቸው፣ ሁሉም በኢየሱስ አምነዋል። ግን ከፊሎቹ ከውጭ የመጡ ግሪክኛ ተናጋሪዎች፣ ከፊሎቹ የሀገሬው ተወላጆች፣ ዕብራይስጡን ወይም አራማይኩን የሚናገሩ ናቸው። በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ይታደላል። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለላሉ። ሰዎቹም አጉረመረሙ።

ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አይልም ጽሑፉ። እኔ ሳስበው ሆን ተብሎም አልነበረም። አዳዮቹ የሚያውቁትን ሰፈር፣ የሚያውቁትን ቋንቋ ተከትለው ነው የሄዱት። መበለቷ በግሪክኛ «አልደረሰኝም» ብትል የሚሰማት የለም። በደል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚገባው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? «እናንተ ገና ዘር ትቆጥራላችሁ?» ማለት ይችሉ ነበር። «ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን፣ ይህን ወሬ ተዉት» ማለትም ይችሉ ነበር፤ ከእነሱ በላይ ይህን የማለት ሥልጣን የነበረው ሰው አልነበረምና። አላሉም። ጉባኤውን ሁሉ ጠርተው «ከእናንተ መካከል ሰባት ሰዎች ምረጡ» አሉ። የተመረጡት እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና እና ኒቆላዎስ ናቸው። ሰባቱም ስሞች የግሪክ ናቸው። በርግጥ በዚያ ዘመን የይሁዳ ሰውም የግሪክ ስም ሊኖረው ይችል ነበር፤ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከልም ፊልጶስና እንድርያስ አሉ። ግን ሰባቱም? የመጨረሻው ኒቆላዎስ ደግሞ በትውልዱ አይሁዳዊ እንኳ አልነበረም፤ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። ያጉረመረመው ወገን የራሱን መበለቶች ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መበለቶች እንጀራ እንዲያስተዳድር ተሰጠው። የሀገሬው ተወላጆችም፣ ብዙኃኑም እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ድምፃቸውን ሰጥተው መረጧቸው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዛሬ እኛ ዘንድ የትኛው ጉባኤ ነው ቅሬታ ላቀረበው ወገን የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ የሚሰጠው?

ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም እዩት። «የእግዚአብሔርም ቃል እየሰፋ ሄደ» ይላል። የተናደዱት ተረጋጉ ብሎ አይደለም የሚጨርሰው፤ ወንጌሉ ሰፋ ነው የሚለው። ከዚያ እስጢፋኖስ ሰማዕት ይሆናል፤ ፊልጶስ ደግሞ ወደ ሰማርያ ይወርዳል፣ ከዚያም በጋዛ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያገኘዋል። የእኛ ሰው ወንጌልን የሰማው ያ የመበለቶች ቅሬታ ከተሰማ በኋላ ወደ አገልግሎት ከወጣ ሰው አፍ ነው።

ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ለዘላለም ተፈታ ማለት አይደለም። ገላትያ 2 ላይ ጴጥሮስ ራሱ አንጾኪያ ውስጥ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ከማዕዱ ያፈገፍጋል። በርናባስም አብሮ ይሳባል። ጳውሎስ ፊት ለፊት ይቃወመዋል። ልብ በሉ፣ ጴጥሮስ ስብከቱን አልቀየረም። የቀየረው የሚቀመጥበትን ማዕድ ነው። ጳውሎስ ግን «እንደ ወንጌል እውነት በቅንነት አልሄዱም» ብሎ ነው ነገሩን የጠራው። ከማን ጋር እንደምንበላ የወንጌል ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ እኛ ሀገር ሩቅ አይደለም። ስለ ብሔር ብዙ እናወራለን፤ በአንድ ብሔር ውስጥ ስላለው መናናቅ ግን አናወራም። ካፋ ውስጥ ማንጆዎች፣ ወላይታ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻዎች፣ በየአካባቢው አንጥረኛና ቆዳ ፋቂ ተብለው የተገለሉ ወገኖች አሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁን የማይድርላቸው ሰው እሁድ ከእነሱ ጋር አንድ ጽዋ ይካፈላል። «በክርስቶስ አንድ ነን» ማለት እዚህ ላይ ካልሠራ የት ይሠራል? የጋብቻው ነገር በተለይ። ልጃቸው ከሌላ ብሔር እጮኛ ስታመጣ ፊታቸው የሚለወጥ፣ «ጾም ጸሎት ይዘንበታል» እያሉ ነገሩን የሚያራዝሙ ወላጆችን ሁላችንም እናውቃለን። እጮኛው እኮ አብሯቸው የሚዘምር ልጅ ነው።

እስከዚህ የጻፍኩት ከባድ ነገር ስለሆነ፣ ከእጃችን ያለውን መልካም ርስትም መናገር አለብኝ። አለበለዚያ ብሔርን ተሻግሮ መዋደድ ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስላል።

ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ የኢሉባቦር ኦሮሞ ነው። ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፣ በግዕዝ ፊደል። ሥራው የተሠራው ኤርትራ ውስጥ ነው፣ በትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞች መካከል። ከእነዚያ ወንድሞች አንዱ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሐማሴን ሰው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወለጋ ቦጂ ድረስ ወርዶ፣ ኦሮምኛ ተምሮ፣ በኦሮምኛ ሲያስተምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1905 እዚያው በቃጠሎ አደጋ ሞተ። የሐማሴን ልጅ አፈሩ ቦጂ ነው። ዛሬ በትግርኛና በኦሮምኛ ተናጋሪ አማኞች መካከል ቅሬታ ሲነሳ ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሰባኪ ብዙ አልሰማሁም፤ መነሳት ነበረበት።

ወደ ደቡብም እንሂድ። የወላይታ አማኞች ታሪክ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ ጥለዋቸው የሄዱት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ገደማ ሆነው አገኟቸው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ እኔን የሚነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የወላይታ ወንጌላውያን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ኮንታ፣ ወደ አሪ ሄዱ። ቋንቋውን የማያውቁበት፣ አንዳንዱም አያቶቻቸው የተዋጉበት ሀገር ነው። ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። በመኪና አይደለም የሄዱት፣ በእግር ነው። ደመወዛቸውንም የቻሉላቸው እቤት የቀሩት ገበሬዎች ናቸው። ያንን የሠራ ሕዝብ ልጆች ነን እኮ።

ግን ርስት ብቻውን አያድንም። ሩዋንዳን ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ መነቃቃት ከተነሳባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ጋሂኒ ነው። ሁቱና ቱትሲ ተቃቅፈው ኃጢአታቸውን የተናዘዙበት መነቃቃት ነበር። በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ዋዜማ ከሀገሪቱ ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ ገደማ ክርስቲያን ነኝ ይል ነበር። ንታራማና ኛማታ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ የመታሰቢያ ሙዚየሞች ናቸው፤ ሰዎች ሊጠለሉ ገብተው እዚያው ታርደዋል። ነፍሳቸውን ሰጥተው ጎረቤቶቻቸውን የሸሸጉ ክርስቲያኖችም ነበሩ፣ እነሱን መርሳት በደል ነው። ነገር ግን የመዝሙር ሙቀት ብቻውን ሰውን ከሰፈሩ ጥላቻ አይጠብቀውም። ይህን ካየሁ በኋላ «እኛ መንፈሳዊ ስለሆንን አይነካንም» ማለት አልችልም።

ቋንቋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ጸብ የሚነሳው እዚህ ነውና።

ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማምለክ አለበት። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። ከገጠር የመጡ እናት በአማርኛ ስብከት መሃል ቢያንቀላፉ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ በኦሮምኛ የማምለክ ጥያቄ ከተነሳ በኋላ ለዓመታት ተከፍላ ቆይታ ነበር፤ ኋላ እርቅ ወረደ። በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ዘንድም ጥር 2015 ላይ ሐሮ በዓለ ወልድ የተደረገው የ26 ኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሀገሩን ሁሉ ያናወጠ ነገር ነበር። የቀኖናውን ጉዳይ ለሲኖዶሱ እተወዋለሁ። ግን በዚያ ሁሉ መሃል ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱ ምዕመኑ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበር። ሁለቱም ቦታ ነገሩ ድንገት አልፈነዳም። ለዓመታት ሲጉረመረም ኖሯል። ማጉረምረም ሲሰማ ያስቆጣል፤ ግን ከመሄድ በፊት የሚመጣ የመጨረሻ እድል እሱ ነው። የሚያጉረመርም ሰው ገና እቤት ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኬፕ ደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ እ.ኤ.አ. በ1857 አንድ ውሳኔ ወሰነ። ነጭና ጥቁር አብረው ማምለካቸው መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ብሎ አመነ። ነገር ግን «በአንዳንዶች ድካም ምክንያት» ለየብቻ መገልገል ይቻላል አለ። በ1881 ቅይጥ ዘር ያላቸው ምዕመናን ቤተ ክርስቲያን ራሱን ችሎ ተለየ። ያ ስለ ድካም ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ኋላ ለአፓርታይድ የሃይማኖት መሠረት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። እዚያው የተለየችው ቤተ ክርስቲያን ናት እ.ኤ.አ. በ1982 የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አርቅቃ፣ በ1986 አጽድቃ ያንን መለያየት የተቃወመችው። መግለጫው አንድነት የሚታይ መሆን አለበት ይላል። በልብ አለ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ስለዚህ የኦሮምኛ ፕሮግራም፣ የወላይትኛ ኅብረት፣ የሲዳምኛ ጸሎት፣ የትግርኛ አምልኮ ይኑር፤ ይብዛም። ግን የጌታ ራት አንድ ማዕድ ይሁን። የሽማግሌዎች ጉባኤ አንድ ይሁን። በጀቱ አንድ ይሁን። የልጆች ሰንበት ትምህርት አብረው ይማሩ። በቋንቋ መለየት የሚጎዳው እነዚህ ሲለያዩ ነው። ሁለት ፕሮግራም ያላት አንዲት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ግቢ የምትከራይ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት ገንዘብ ሲጎድልና ሰው ሲሞት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ብዙ የማያግዝ ነገር አለ። ኅዳር 29 ሲቃረብ የባህል ልብስ ለብሰን፣ መዘምራኑ በአራት ቋንቋ አንዳንድ መዝሙር ዘምረው፣ ፎቶ ተነስተን እንሄዳለን። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። በማግስቱ ግን አምልኮ መሪው፣ ፕሮግራም መሪው፣ ሒሳብ ያዡ፣ ስብሰባው የሚካሄድበት ቋንቋ፣ ሁሉም ያው ነው። ከመድረኩ በታች ምንም አልተነካም። የሌላውን ቋንቋ መዝሙር በዓመት አንዴ ከማሳየት፣ አንዲት አዝማች በየወሩ ጉባኤው ሁሉ ተምሮ ቢዘምር ይሻላል። ትርጉሟን እያወቀ፣ እየተንተባተበም ቢሆን። እኛ ዘንድ ተሞክሯል። መጀመሪያ የከበዳቸው አማርኛ ብቻ የምንናገረው ነበርን፤ ሌሎቹ እኮ ሁልጊዜ በሁለተኛ ቋንቋቸው ነው ሲያመልኩ የኖሩት።

የርዳታ ገንዘቡም አለ። ይህ ቃል በቃል የመበለቶቹ ጉዳይ ነው። ተፈናቃዮች ከየአቅጣጫው ሲመጡ ቶሎ የተረዱት ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚተዋወቅ ዘመድ ያላቸው ናቸው። ክፋት አልነበረም። ስልክ የሚደውልላቸው ሰው ስለነበረ ነው። ያልነበረው ሰው ወረፋው የት እንደሆነም አያውቅም። መስፈርቱ በጽሑፍ ቢወጣ፣ በየቋንቋው ቢለጠፍ፣ አዳዮቹ ከየኅብረቱ ቢወከሉ ግማሹ ሐሜት በራሱ ይቆማል። ሌላው ግማሽ ጸሎት ይፈልጋል።

የመሪዎች ፌስቡክና ቴሌግራምም እንዲሁ። መጋቢ ወይም ዘማሪ የአንድን ወገን ሞት ብቻ እየለጠፈ እሁድ ለሁሉም እረኛ ሊሆን አይችልም። ሰው ያያል። ስክሪንሾት ይያዛል። እኔ መሪዎች ዝም ይበሉ አልልም። የሚያዝኑ ከሆነ ለሁሉም ይዘኑ፤ ለአንዱ ብቻ ማዘን ከፈለጉ የእረኝነት ወንበሩን ለጊዜው ለሌላ ይልቀቁ።

ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አላመለጡም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ በጦርነቱ ዓመታት ስንት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን እንደቀየረ ሲነግሩኝ ያመኛል። ለሃያ ዓመት አብረው ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ናቸው። እዚያ የተወለዱት ልጆች ግን በእንግሊዝኛ አብረው ያመልካሉ፤ ወላጆቻቸው ለምን እንደተኳረፉ ብዙዎቹ አያውቁም። አንዳንዱ «መፍትሔው ያ ነው፣ ትውልዱ ይረሳዋል» ይላል። አይመስለኝም። ያልተነገራቸውን ነገር አንድ ቀን ከዩቲዩብ ይሰሙታል፣ ያኔ ደግሞ አጠገባቸው ሆኖ የሚያስረዳቸው አባት ወይም እረኛ አይኖርም። አሁን ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል፤ የእኛንም የሌላውንም ሐዘን አንድ ላይ አድርገን ብንነግራቸው።

በእኛ ጉባኤ የሽማግሌዎች ምርጫ እየቀረበ ነው። ከየቋንቋው ኅብረት የተውጣጣን ሰዎች ሆነን ለአስመራጭ ኮሚቴው ጥያቄ በጽሑፍ አስገብተናል። የርዳታ መስፈርቱ ይፋ ይውጣ፣ ዕጩዎች ከየኅብረቱ ይጠቆሙ፣ የጌታ ራት ሁልጊዜ በጋራ ይሁን ነው የምንለው። ከነባሮቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ በጣም የማከብራቸው አባት፣ «ኮታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያስገባችሁ ነው፤ ነገ ደግሞ በጎሣ ልትቆጥሩ ነው» አሉን። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በሀገሩ ወንበር ሁሉ በብሔር ሲቆጠር ምን እንዳመጣ አይተዋል። ኢየሩሳሌም ላይም የመጀመሪያው መስፈርት «በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው» የሚል ነው፤ እሱ ሳይሟላ ማንም ሽማግሌ ይሁን አላልንም። ግን ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ እየተገኙ ስንት ምርጫ ካለፈ፣ የምንፈልግበት ቦታ ጠቧል ማለት ነው ብዬ መለስኩላቸው። ዝም አሉ፣ ቀጥሎ «ከኦሮምኛው ኅብረት እናንተ ማንን ታስባላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ሁለት ስም ሰጠናቸው። አንዱን ጭራሽ አያውቁትም ነበር፤ ለዓመታት በር ላይ ሰላም ሲሏቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ውይይቱ ከፋሲካ በኋላ ይቀጥላል፣ የአማርኛውና የኦሮምኛው ኅብረት ሰብሳቢዎች አብረው እንዲመሩትም ተስማምተናል።